160 ኪሎ ሜትር ለሚራራቁ ሁለት ከተሞች 55 ደቂቃ በረራ? ስሌቱ አልገባኝም

መንገደኛዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው፤ የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

እናቴን ለሕክምና ቀጠሮ ቅርብ ወዳለች ሌላ ከተማ ልወስዳት ነው። ጉልበቷን በጣም ያማታል። ብዙ ሰዓት ስትቀመጥ እግሯ ያብጣል፣ ስትነሳ ደግሞ ሰው ካልደገፋት አይሆንላትም። በመኪና ይሻላል ወይስ በአውሮፕላን የሚለውን ለመወሰን ብዬ ርቀቱን ፈለግሁ። የማየው ሁሉ የተለያየ ነው። አንዱ ድረ ገጽ 160 ይላል። ሌላው 99። ሦስተኛው 86። የስልኬ ካርታ ደግሞ በመኪና 245 ኪሎ ሜትር፣ 3 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይለኛል።

የበረራው ሰዓት ደግሞ ከዚህም ባሰ። አንዱ ጋ 12 ደቂቃ ነው። ሌላው ጋ 42። ቲኬት ልቆርጥ ስገባ ደግሞ 55 ደቂቃ ተብሎ ተጽፏል። የቱን ልመን? 55ም ቢሆን ከአራት ሰዓት መኪና ይሻላል ብዬ ልቆርጥ ስል ወንድሜ "ሂሳቡን በደንብ ሥሪው፣ አውሮፕላኑ ከመኪናው ላይቀድም ይችላል" አለኝና ጥርጣሬ ገባኝ። ይሄ እንዴት ሊሆን ይችላል? በ160 ኪሎ ሜትር?


ካርታ አንባቢ፦

ሰላም እህቴ። በመጀመሪያ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ።

ከቁጥሮቹ ልጀምር። 160፣ 99 እና 86 የሚጣሉ ቁጥሮች አይደሉም፤ አንድ ርቀት ናቸው። 160ው በኪሎ ሜትር ነው። 99ኙ በየብስ ማይል ነው፣ አንዱ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ስለሆነ። 86ቱ ደግሞ በኖቲካል ማይል ነው፤ እሱ 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። አብራሪዎችና መርከበኞች የሚሠሩበት ይሄኛው ነው። ቁጥሩ አጠገብ በትንሹ የተጻፈችውን መለኪያ ሳያዩ ማለፍ ነው ሰውን የሚያደናግረው።

ቀጥሎ፣ 160 ኪሎ ሜትሩ የምንድን ነው ርቀት? የቀጥታ መስመር ነው። ድረ ገጾቹ የሁለቱን ከተሞች ኬንትሮስና ኬክሮስ ይወስዳሉ፣ ምድርን 6,371 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ያላት ድቡልቡል ኳስ አድርገው ያስባሉ፣ ከዚያ በኳሷ ገጽ ላይ አጭሩን መስመር ያሰላሉ። ስሌቱ ራሱ ትክክል ነው። ችግሩ ማንም ሰው በዚያ መስመር ላይ አለመጓዙ ነው። መኪናው ተራራውን ይዞራል፣ ድልድይ ፍለጋ ይሄዳል፣ በየከተማው መሃል ያልፋል። ያንቺ መንገድ ከቀጥታው አንድ ተኩል እጥፍ መሆኑ ራሱ መሃል ላይ ተራራ ወይም ውኃ እንዳለ ይናገራል። ሜዳ በሆነ አገር ልዩነቱ እንዲህ አይሰፋም።

ልዩነቱ ሲብስ ምን ያህል እንደሚሆን ለማየት የፊንላንዷን ሄልሲንኪንና የኢስቶኒያዋን ታሊንን ውሰጂ። በቀጥታ መስመር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። ግን መሃላቸው ባሕር ነው። ፊንላንድ በአውሮፓውያን 2023 መጨረሻ ከሩሲያ ጋር ያላትን የየብስ ድንበር ከመዝጋቷ በፊት እንኳ፣ በየብስ ልዙር ያለ ሰው በሩሲያዋ ሴንት ፒተርስበርግ በኩል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት፣ ድንበርም ሁለት ጊዜ መሻገር ነበረበት። ለዚህ ነው ሰዉ ሁሉ በጀልባ ሁለት ሰዓት ገደማ ተጉዞ የሚሻገረው። እንግዲህ "80 ኪሎ ሜትር ነው" የሚለው መረጃ ለመንገደኛ ምን ይጠቅመዋል? ምንም።

ሌላም ልብ የማይባል ነገር አለ። ርቀቱ ከየት እስከ የት ነው የተለካው? ከመሃል ከተማ እስከ መሃል ከተማ ወይስ ከአየር ማረፊያ እስከ አየር ማረፊያ? አየር ማረፊያ የከተማውን ስም ስለያዘ ብቻ ከተማው ውስጥ ነው ማለት አይደለም። የስቶክሆልምን ስም ይዞ የሚጠራው ስካቭስታ ከስቶክሆልም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ፍራንክፈርት ሃን ደግሞ ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ከተሞችሽ 160 ብቻ የሚራራቁ ከሆነ የአየር ማረፊያዎቹ ቦታ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። አንዱ ወደ ጎን 30 ኪሎ ሜትር ቢርቅ እንኳ ተሰምቶሽ ያድራል።

12 ደቂቃዋ ከየት መጣች ካልሽ፣ 160ን ለ800 አካፍለዋል። 800 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ትልቅ ጄት ከፍ ብሎ ሲንሳፈፍ የሚሄድበት ፍጥነት ነው። ውጤቱ የሰዓት አንድ አምስተኛ፣ 12 ደቂቃ። 42ቱን ያወጣው ደግሞ እዚያችው 12 ላይ ለመነሻና ለማረፊያ 30 ደቂቃ ደምሯል፣ ሻል ይላል። ሁለቱም ግን ያንቺን አውሮፕላን፣ ያንቺን አየር ማረፊያ፣ የዕለቱን ንፋስ አላዩም። እመኚ ካልሽኝ የቲኬቱን ነው የምልሽ።


ከማኮብኮቢያው ዳር፦

ስለ 55 ደቂቃዋ እኔ ልናገር፤ ውሎዬ እዚያው አውሮፕላኑ ሥር ነው።

ቲኬት ላይ የምታዪው ሰዓት የአየር ላይ ሰዓት አይደለም። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቆመ አውሮፕላን ጎማው ሥር ታኮ ይደረግለታል፣ እንዳይንቀሳቀስ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ያ ታኮ ተነስቶ አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲንቀሳቀስ ጀምሮ ነው። የሚያበቃውም እዚያኛው ከተማ ቦታውን ይዞ ሲቆምና ታኮ ሲገባለት ነው። መሃል ላይ ያለው ሁሉ፣ መሬት ላይ የሚያኮበኩብበትም፣ ተራ የሚጠብቅበትም፣ 55ቱ ውስጥ ነው።

እስቲ ከእኛ በኩል የሚታየውን ልንገርሽ። በር ተዘጋ። የጆሮ ማዳመጫ ያደረገው ልጅ ከአብራሪው ጋር ይነጋገራል፣ ሞተር ይነሳል፣ ታኮ ይወጣል፣ ልጁ ራቅ ብሎ ቆሞ አውራ ጣቱን ያሳያል። ያኔ ነው መሄድ የሚጀመረው። ከዚያ እስከ መንደርደሪያው ጫፍ ድረስ እንደ ቦታው ስፋት 5 ደቂቃም፣ 15 ደቂቃም ሊሆን ይችላል። ፊት ለፊት የሚያርፍ ካለ ይጠብቃል። ከኋላው ለመነሳት የተሰለፉ ካሉ እነሱም ይጠብቃሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ኪሎ ሜትር ወደ መድረሻሽ አልተጠጋሽም። እንዲያውም ልትርቂ ትችያለሽ።

ለምን ብትዪ፣ አውሮፕላን የሚነሳውም የሚያርፈውም ፊቱን ወደ ንፋሱ አዙሮ ነው። መድረሻሽ በምሥራቅ ሆኖ ንፋሱ ከምዕራብ ከነፈሰ ወደ ምዕራብ ይነሳል፣ ከዚያ ዞሮ ይመለሳል። እዚያኛውም ጫፍ ላይ እንደዚሁ፣ አየር ማረፊያውን አልፎ ሄዶ በሌላ በኩል መግባት ሊያስፈልገው ይችላል። ለረጅም በረራ ይህ ዙር ምንም አይደለም። ለ160 ኪሎ ሜትር ግን 30 ወይም 40 ኪሎ ሜትር መጨመር ማለት ሩብ መንገድ መጨመር ነው።

ፍጥነቱም ካርታ አንባቢ እንዳለው 800 አይደርስም። ከ10,000 ጫማ በታች በብዙ አገር ከ250 ኖት በላይ መብረር አይፈቀድም፣ 463 ኪሎ ሜትር በሰዓት መሆኑ ነው። ሲወርድ ደግሞ አብራሪዎች በልብ የያዟት ቀላል ሂሳብ አለች፤ ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ ሦስት ኖቲካል ማይል። እስቲ በዚህ ያንቺን እናስላ። አውሮፕላንሽ 17,000 ጫማ ወጣ እንበል። ለመውረድ 51 ኖቲካል ማይል ያስፈልገዋል፣ 94 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከ160ው ላይ 94ቱ መውረጃ ሆነ። የቀረው 66 ነው፤ እሱ ውስጥ ደግሞ መውጣት አለ። እንግዲህ ቀጥ ብሎ በሙሉ ፍጥነቱ የሚበርበት ጊዜ ስንት ቀረው? ጥቂት ደቂቃ። አስተናጋጆቹ ውኃ አድለው ሳይጨርሱ ቀበቶ እሰሩ የሚባለው ለዚህ ነው።

አጭር መንገድ ላይ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን የሚመደበውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኤቲአር 72 በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚበረው፣ ጄቱ 800ን ያልፋል፤ ግን ጄቱ ፍጥነቱን የሚያሳይበት ሜዳ ስለማያገኝ በእንዲህ ያለ ርቀት ትርፉ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ነዳጁን ግን አብዝቶ ይበላል።

በመጨረሻ አየር መንገዶች ሰዓቱ ላይ ትንሽ መጠባበቂያ ይጨምራሉ። በብዙ ቦታ በረራ "በሰዓቱ ደረሰ" የሚባለው ከፕሮግራሙ 15 ደቂቃ ሳያልፍ ከደረሰ ነው። ስለዚህ ጠበብ አድርጎ ጽፎ ከመዘግየት ሰፋ አድርጎ ጽፎ ቀድሞ መድረስ ይመረጣል። ማጭበርበር አይደለም፤ የሚቀጥል በረራ ያለውን መንገደኛ የሚያድነው ያቺ መጠባበቂያ ናት።

አንድ ማነጻጸሪያ ልስጥሽ። በሪዮ ዲ ጄኔሮና በሳኦ ፓውሎ መሃል ባሉት ሁለት የከተማ ውስጥ አየር ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት 365 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካንቺ እጥፍ በላይ። የፕሮግራም ሰዓቱ ግን አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ርቀቱ ከእጥፍ በላይ ጨምሮ ሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የጨመረው። ዋናው ሰዓት የሚበላው ሁለቱ ጫፍ ላይ ስለሆነ ነው።


ጥላ ሥር፦

ወንድምሽ ልክ ነው። ከደጅሽ እስከ ሆስፒታሉ ደጅ ቁጠሪው።

ከቤት አየር ማረፊያ 45 ደቂቃ በይ። ከበረራው አንድ ሰዓት ተኩል ቀድሞ መገኘት፣ እናትሽን ይዘሽ ደግሞ ከዚያ ያነሰ አልመክርም። በረራው 55 ደቂቃ። ወርዶ ሻንጣ ጠብቆ መውጣት 25 ደቂቃ። ከዚያ ወደ ከተማ 40 ደቂቃ። ሲደመር 4 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። በመኪና 3 ሰዓት ከ50፣ መሃል ላይ 20 ደቂቃ ዕረፍት ብትጨምሪ 4 ሰዓት ከ10። እኩል ነው! በ4 ሰዓቱ ውስጥ አየር ላይ የምትቆዩት ግማሽ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ወረፋ፣ ፍተሻ፣ መጠበቅና በእግር መሄድ ነው። ጉልበቷን ለሚያማት ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው ይሄው ነው።

ይህን ሂሳብ መንግሥታትም ሠርተውታል። ፈረንሳይ በአውሮፓውያን 2023 ባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ በሚያደርስባቸው ከተሞች መካከል የሚደረግ አጭር የአገር ውስጥ በረራን ከልክላለች። ከፓሪስ ኦርሊ ወደ ሊዮን፣ ወደ ናንትና ወደ ቦርዶ የነበረው ቀርቷል። ማድሪድና ባርሴሎና መሃል ደግሞ ክልከላም አላስፈለገም። በ2008 ፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በሚሆን ጊዜ ማድረስ ሲጀምር አብዛኛው መንገደኛ በራሱ ጊዜ ወደ ባቡር ዞረ። በአየር ከ500 ኪሎ ሜትር ብዙም የማይርቅ መንገድ ላይ ማለት ነው። ያንቺ 160 ነው።

እኔ በበኩሌ ከ300 ኪሎ ሜትር በታች መብረር ትርጉም የለውም ባይ ነኝ። መኪና ውስጥ እናትሽ ስትደክም ቁሙልኝ ትላለች፣ ትወርዳለች፣ እግሯን ታፍታታለች። አውሮፕላን ውስጥ ማን ያቆምላታል?


ሰማይ ሰማዩን፦

ጥላ ሥር፣ ስሌትህ ጥሩ ነው፤ "ከ300 በታች ትርጉም የለውም" ያልከው ግን አልተዋጠልኝም። ኪሎ ሜትር ብቻውን ድንበር ሊሆን አይችልም። መሃል ላይ ምን አለ የሚለው ነው የሚወስነው።

ስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች ውስጥ ዌስትሬይና ፓፓ ዌስትሬይ የሚባሉ ሁለት ደሴቶች አሉ። የሚራራቁት 2.7 ኪሎ ሜትር ነው። መደበኛ በረራ አላቸው። ፕሮግራሙ ላይ ሁለት ደቂቃ ነው የሚለው፣ ንፋሱ ሲመች ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜም ደርሷል። ትርጉም የለውም ልትላቸው ነው? ባሕሩ ሲናወጥ ጀልባ በማይወጣበት ቀን ለደሴቲቱ ሰው ያ አውሮፕላን ከሐኪም ጋር የሚያገናኘው ነው። የደቡብ ኮሪያዋ ሴኡልና የጄጁ ደሴት ደግሞ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ በመንገደኛ ብዛት ከዓለም አንደኛ የሚባለው የበረራ መስመር እሱ ነው። ለምን? ደሴት ነዋ፣ መንገድ አይደርሰውም።

በሌላ በኩል አንተን የሚደግፍም አለ። ከስዊዘርላንድ አልተንራይን ወደ ጀርመን ፍሪድሪሽስሃፈን፣ ሐይቅ ተሻግሮ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 8 ደቂቃ የሚፈጅ በረራ በ2016 ተጀምሮ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በ2017 ቆመ። በሐይቁ ዳር መንገድም ባቡርም፣ በላዩም ጀልባ ነበራ። ኪንሻሳና ብራዛቪል ደግሞ በኮንጎ ወንዝ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ዋና ከተሞች ናቸው፤ ወንዙን የሚያሻግራቸው ድልድይ የለም። እዚያ ሰዉን የሚያደክመው ርቀቱ ሳይሆን የድንበሩ ወረቀትና የጀልባው ወረፋ ነው። በኪሎ ሜትር ብትለካው ምንም አታገኝም።

እህቴ፣ ያንቺ ጉዳይ ላይ የምጠይቅሽ ሌላ ነገር ነው። መንገዱ ምን ዓይነት ነው? 245 ኪሎ ሜትር በ3 ሰዓት ከ50 ማለት አማካዩ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ነው። ጠመዝማዛና አቀበት የበዛበት መሆን አለበት። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሰውነት በእያንዳንዱ ዙር ይገፋል፣ እግር ለመደገፍ ይወጠራል። ጉልበቷን ለሚያማት ሰው ይሄም ራሱን የቻለ ሥቃይ ነው። ስልክሽ ያሳየሽ ሰዓትም የሚቀያየር ነው። ማታ ከፍተሽ ካየሽው መንገዱ ባዶ ነበር፤ በምትሄዱበት ዕለትና ሰዓት ምን እንደሚል እይው። ካርታው መነሻ ሰዓት እንድትመርጪ ይፈቅድልሻል።


አላፊ አግዳሚ፦

ትንሽ ነገር ልጨምር፣ ለሌላ አንባቢም ይጠቅማል። ሁለቱ ከተሞች በተለያየ የሰዓት ክልል ካሉ ቲኬቱ ላይ መነሻውም መድረሻውም በየከተማው ሰዓት ነው የሚጻፈው። ሄልሲንኪ ከስቶክሆልም በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ በረራው ራሱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ወደ ስቶክሆልም ሲሄዱ በተነሱበት ሰዓት ላይ የደረሱ ይመስላል፣ ሲመለሱ ደግሞ ሁለት ሰዓት የፈጀ ይመስላል። መነሻን ከመድረሻ ቀንሶ የበረራ ሰዓት ማውጣት የሚሠራው በአንድ ሰዓት ክልል ውስጥ ብቻ ነው። "የጉዞ ቆይታ" ተብሎ ለብቻው የሚጻፈውን ነው ማየት ያለባችሁ።


መንገደኛዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ክበሩልኝ። አሁን ገባኝ፤ 12ም 42ም 55ም የተለያየ ነገር ነው የሚለኩት ለካ።

ለጥያቄያችሁ፣ ሁለቱም ከተሞች አንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው። መንገዱ አዎ፣ ጠመዝማዛ ነው። የመጀመሪያው 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሜዳ ነው፣ ከዚያ በኋላ አቀበቱ ይጀምራል። አየር ማረፊያው ከቤታችን ቅርብ ነው፣ 20 ደቂቃ አይሞላም። እዚያኛውም ከሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ የጥላ ሥርን ሂሳብ በእኛ ስሠራው በአየር 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ መጣልኝ። በጊዜ ብዙም አይበላለጥም፣ ልዩነቱ ድካሙ ላይ ነው። እናቴ ራሷ "መኪናው ያጥወለውለኛል" ትላለች።

አሁን የቀረኝ ፍርሃት አየር ማረፊያው ውስጥ ያለው የእግር መንገድና ወረፋው ነው። ዊልቸር እንደሚሰጥ ሰምቻለሁ፤ እንዴት ነው የሚጠየቀው? እሷ ቤት ውስጥ ትራመዳለች፣ ደረጃ ግን ፈጽሞ አይሆንላትም።


አስታማሚ፦

ይሄን እኔ ልመልስልሽ፣ በሽተኛ ይዞ መጓዝ የዕለት ሥራዬ ነው።

ዊልቸር ብለሽ ብቻ አትጠይቂ። አየር መንገዶች ሦስት ዓይነት አድርገው ነው የሚመዘግቡት። የመጀመሪያው ደረጃ መውጣትና መቀመጫው ድረስ መራመድ ለሚችል፣ ግን ረጅም ርቀት ለማይሆንለት ሰው ነው። ሁለተኛው አውሮፕላኑ ውስጥ መራመድ ለሚችል፣ ደረጃ ግን ለማይችል ነው። ሦስተኛው ምንም መራመድ ለማይችል፣ እስከ መቀመጫው ድረስ መወሰድ ላለበት ነው። እናትሽ ሁለተኛው ውስጥ ናት። ይህን በግልጽ "ደረጃ አትወጣም" ብለሽ ካልተናገርሽ ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው የመጀመሪያው ነው።

ያንቺ ላይ ይሄ በጣም ወሳኝ የሚሆነው ለምን መሰለሽ? ከማኮብኮቢያው ዳር እንዳለው አጭር መንገድ ላይ የሚበሩት ባለ ፕሮፔለሮቹ ናቸው። እነሱ አብዛኛውን ጊዜ ተርሚናሉ ላይ ተጠግተው በመተላለፊያ አያሳፍሩም። ራቅ ብለው ይቆማሉ፣ ሰው በአውቶቡስ ወይም በእግሩ ይሄዳል፣ ከዚያ በአውሮፕላኑ ደረጃ ይወጣል። ደረጃው አጭር ነው፣ ግን ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ ጉልበት ለታመመ ሰው አጭርም ረጅምም አንድ ነው። አየር ማረፊያው ቀድሞ ካወቀ ማንሻ ወይም የሚያግዙ ሰዎች ያዘጋጃል። በሩ ላይ ደርሰሽ ከነገርሻቸው ግን እሷ ደረጃው ሥር ቆማ ነው ሰው የሚፈለገው። ያ እንዲደርስባት አልፈልግም።

ቲኬቱን ስትቆርጪ ወዲያው ጠይቂ። ካልሆነ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ደውለሽ አስመዝግቢ፣ ከዚያ መመዝገቡን አረጋግጪ። ዕለቱን ቀደም ብለሽ ቼክ ኢን ጠረጴዛው ጋ በአካል ቅረቢ። ዊልቸር የያዘ ሰው ፍተሻውን አብሯችሁ ያልፋል፣ ብዙ ጊዜ ረጅሙን ወረፋ አትሰለፉም፣ አንቺም አብረሻት ትሄጃለሽ።

መቀመጫ ላይ ደግሞ የመተላለፊያውን ጠርዝ ምረጪላት፣ እግሯን ትንሽ ዘርጋ እንድታደርግ። ከሁለቱ ጉልበቶቿ የሚብሰውን ወደ መተላለፊያው በኩል አድርጊው። ሰፊ ነው ብለሽ የአደጋ ጊዜ መውጫው ጋ ያለውን እንዳትመርጪ፤ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው እዚያ እንዲቀመጥ አይፈቀድም፣ ያስነሷታል። መድኃኒቷን ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣ ያዢ። የእግሯን እብጠት በተመለከተ ግን ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪሟን አንዴ ጠይቂው። አንድ እግር ብቻ ካበጠ ወይም ባቷን ካመማት ሳትታይ አትጓዝ።


ጥላ ሥር፦

ቤታችሁ ለአየር ማረፊያው 20 ደቂቃ ከሆነና መኪና ካጥወለወላት እኔም በአውሮፕላኑ እስማማለሁ። ሂሳቤ የተመሠረተው በ45 ደቂቃ ነበር። አንድ ነገር ብቻ፣ ቀጠሮውን በደረሳችሁበት ሰዓት ላይ አታጥብቂው። በረራው ቢሰረዝ በመኪና ለመድረስ የሚበቃ 4 ሰዓት ቢኖርሽ ጥሩ ነው፤ የአጭር ርቀት አንዱ ጥቅሙ ይሄው ነው፣ ሌላ አማራጭ ሁልጊዜ አለ።


ከማኮብኮቢያው ዳር፦

የጠዋት የመጀመሪያዋን በረራ ምረጪ። በአጭር መስመር ላይ አንዱ አውሮፕላን ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ነው የሚውለው። ጠዋት 20 ደቂቃ ከዘገየ ቀጣዩም ይዘገያል፣ ከዚያ የሚቀጥለውም፣ እየተጠራቀመ ማታ ላይ ይከብዳል። የመጀመሪያዋ ግን አውሮፕላኑ እዚያው አድሮ ከሆነ የማንንም መዘግየት አትወርስም። ጉም የሚበዛበት ወቅትና ቦታ ከሆነ ግን ሁለተኛዋን ያዢ፣ ጉም ብዙ ጊዜ ፀሐይ ስትበረታ ነው የሚገፈፈው።

ሌላው፣ አስታማሚ ያለችውን የዊልቸር ምዝገባ ለመሄጃውም ለመመለሻውም መግባቱን ለየብቻ አረጋግጪ። ለመሄጃው ብቻ ተመዝግቦ በመመለሻው የሚጉላላ ሰው እኛ ጋ በየጊዜው ያጋጥማል። ስትደውዪ ሁለቱንም የበረራ ቁጥሮች ጥሪላቸው፣ ሁለቱም ላይ "ደረጃ አትወጣም" የሚለው መጻፉን መልሰው እንዲያነቡልሽ አድርጊ።


መንገደኛዋ፦

አሁን ደውዬ አስመዘገብኩ። እውነትም መጀመሪያ ላይ ደረጃ ትወጣለች በሚለው ነበር ያስገቡት፤ አስተካክለውታል። መመለሻውም ገብቷል። የጠዋቷን በረራ ይዣለሁ፣ ቀጠሮው በማግስቱ ነው።